መጽሐፍ መራጯ፦ የአን ካሮል ሙር ሕይወትና የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክምችት

መግቢያ

የአንድ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክምችት ሲገመገም ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በመደርደሪያው ላይ ያለው ነው፦ ስንት ርእስ፣ ስንት ቅጂ፣ በዓመት ስንት ውሰት። በመደርደሪያው ላይ የሌለው አይቆጠርም። አንድ መጽሐፍ ሳይገዛ ሲቀር በመዝገብ ላይ የሚተወው ምልክት የለም፤ መጽሐፉ ያልተገዛለት ልጅም ምን እንደቀረበት ስለማያውቅ አቤቱታ አያቀርብም። በመሆኑም የክምችት ግንባታን የሚያጠና ሰው የተመረጠውንና የቀረውን አብሮ የማየት ግዴታ አለበት።

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ይመለከታል። ወይዘሪት አን ካሮል ሙር (1871–1961) ከ1906 እስከ 1941 ለ35 ዓመታት የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን የሕፃናት አገልግሎት የመሩ፣ በዓለም ዙሪያ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት አሠራርን ከቀረጹት ጥቂት ሰዎች መካከል የሚቈጠሩ ባለሙያ ነበሩ። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሙር ለሕፃናት መጽሐፍ መምረጥን ከበጎ ፈቃድ ሥራነት አውጥተው ሥርዓት ያለው ሙያ አደረጉት፤ ይሁንና የምርጫው የመጨረሻ ዳኝነት በአንድ ሰው ጣዕም ላይ ሲያርፍ ክምችቱ የማያያቸው ልጆችና የማይቀበላቸው መጻሕፍት ተፈጠሩ። ይህን ጉድለት መሙላት የጀመሩትም እሳቸው ባቆሙት ሥርዓት ውስጥ የሠሩ ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሊመሪክ እስከ ብሩክሊን

ሙር ጁላይ 12 ቀን 1871 በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሜይን ግዛት፣ ሊመሪክ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። ሰባት ታላላቅ ወንድሞች ነበሯቸው። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ። ሙር በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው ብራድፎርድ አካዳሚ ትምህርታቸውን በ1891 ካጠናቀቁ በኋላ የአባታቸውን ሙያ ለመከተል አስበው በእሳቸው ሥር ሕግ ማጥናት ጀመሩ። ውጥኑ ግን አልዘለቀም። በ1892 መጀመሪያ አባትና እናታቸው በቀናት ልዩነት በኢንፍሉዌንዛ ሞቱ። ከዚያም የወንድማቸው ባለቤት በወሊድ ሲያርፉ ሙር እናታቸውን ያጡትን የወንድማቸውን ልጆች በማሳደግ አገዙ። ሐዘን ተደራርቦ የመጣበት ይህ ጊዜ ሲያልፍ ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረባቸው፤ በዘመኑ ለተማሩ ሴቶች አዲስ በር እየከፈተ የነበረው የቤተ መጻሕፍት ሙያም ወደ ኒው ዮርክ ሳባቸው።

በ1895 በብሩክሊን በሚገኘው የፕራት ኢንስቲትዩት የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ገቡ። የትምህርት ቤቱና የነፃ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሜሪ ራይት ፕለመር ነበሩ። ፕለመር ከዘመኑ ልማድ የወጣ እምነት ነበራቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኞቹ የአሜሪካ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የዕድሜ ገደብ ነበራቸው፤ በብዙዎቹ ከ12 ወይም ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መጽሐፍ መዋስ ቀርቶ ወደ ንባብ ክፍሉ መግባት እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ልጅ ይጮኻል፣ መጽሐፍ ያቈሽሻል፣ ይቀድዳል የሚለው ሥጋት ለክልከላው ምክንያት ሆኖ ይቀርብ ነበር። ፕለመር በአንጻሩ የአዲሱ ሕንጻ ንድፍ ሲዘጋጅ ለልጆች የተለየ ክፍል እንዲታሰብ አደረጉ። ሙር በ1896 ሲመረቁ የዚህ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ ለአሥር ዓመታትም በዚያ ሠሩ።

ይህ አሥር ዓመት የሙር እውነተኛ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። መደርደሪያው ለልጅ ቁመት የሚመጥን፣ መጽሐፉም ልጁ ራሱ እንዲያነሣው ክፍት ነበር፤ ሥዕልና አበባም የክፍሉ አካል ነበሩ። ልጁ ራሱ መጽሐፍ ማንሣት ሲችል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሥራ ይለወጣል፦ የተጠየቀውን መጽሐፍ ከማቀበል ይልቅ ልጁ የሚያነሣው ሁሉ መነሣት የሚገባው እንዲሆን አስቀድሞ መሥራት ግድ ይሆናል። በዚህ ረገድ ለሙር መምህር የሆኗቸው በሃርትፎርድ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ካሮላይን ሂዊንስ ናቸው። ሂዊንስ በ1882 ለወጣት አንባቢዎች የሚመረጡ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመው ነበር። ሙር ከእሳቸው የቀሰሙት ዋና ነገር ዝርዝሩን ሳይሆን ዝርዝሩ የተዘጋጀበትን መንገድ ይመስላል፦ ሂዊንስ ልጆች የሚወዱትን እየተመለከቱ፣ መጽሐፉን ራሳቸው አንብበው ይመርጡ ነበር። በ1900 የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር ክበብ ሲመሠርቱ ሙር ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ።

የኒው ዮርክ ኃላፊነት

የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1895 ሦስት ተቋማት ተዋህደው የመሠረቱት ነው። በ1901 የብረት ባለሀብቱ አንድሩ ካርኔጊ በከተማው ቅርንጫፎች እንዲሠሩ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡ፣ በማንሃተን፣ በብሮንክስና በስታተን አይላንድ አዳዲስ ሕንጻዎች በተከታታይ ይከፈቱ ጀመር። ሙር በ1906 ወደዚህ ተቋም የመጡት ለሕፃናት ሥራ የተቋቋመውን አዲስ ክፍል እንዲመሩ ነው። ከእሳቸው በፊት እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለልጆች የሚያደርገው በየኃላፊው ፈቃድና ዝንባሌ የተወሰነ ነበር። አንድ ሰው ለአንድ ክፍል መጽሐፍ መምረጥ ይችላል፤ በሦስት የከተማው ክፍሎች ለተበተኑ ክፍሎች በሙሉ መምረጥ ግን አይችልም። በመሆኑም የሙር የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛው መጽሐፍ ይገዛ የሚለው አልነበረም፤ ማን ይምረጥ የሚለው ነበር።

መልሳቸው ሠራተኛውን ማሠልጠን ሆነ። የሕፃናት ክፍል ሠራተኛነት ራሱን የቻለ የሙያ ደረጃ እንዲሆን፣ በፈተናና በልምምድ የሚገኝ ብቃት እንዲጠይቅ አደረጉ። ሠራተኞቹ የተመሰከረላቸውን የሕፃናት መጻሕፍት እንዲያነቡ፣ ተረት መንገር እንዲለማመዱ፣ የሚሠሩበትን ሰፈር ሕዝብ እንዲያውቁ ይጠበቅባቸው ነበር። ዝምታ የሚያዝዙ ማስታወቂያዎችን ከክፍሎቹ አስነሡ። የዕድሜ ገደቡንም ተዋጉ፤ ስሙን መጻፍ የቻለ ልጅ አባል መሆን ይችላል የሚለው አሠራር ሥር ሰደደ። ልጁ በትልቅ መዝገብ ላይ ስሙን ሲያሰፍር መጽሐፉን በቤትም ሆነ በቤተ መጻሕፍቱ በእንክብካቤ ለመያዝና ደንቡን ለማክበር ቃል ይገባ ነበር። ይህ ቃል ኪዳን ለክምችቱ ዘለቄታ ትርጉም ነበረው፤ ቀድሞ ልጅን በማገድ የሚጠበቀው መጽሐፍ አሁን ልጁን በማመን እንዲጠበቅ ተደረገ። በ1911 በአምስተኛው ጎዳናና በ42ኛው መንገድ የቆመው ዋናው ሕንጻ ሲከፈት፣ ማዕከላዊው የሕፃናት ክፍል ለዚህ አስተሳሰብ ማሳያ ሆነ።

ክምችቱ የተገነባበት መንገድ

የሙር አሠራር በአራት ልማዶች ላይ የቆመ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከመገዛቱ በፊት መነበቡ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ሠራተኞች አንብበው አስተያየታቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ በየጊዜው በሚደረግ ስብሰባም ይከራከሩበታል። ይህ ልማድ ሁለት ጥቅም ነበረው። ግዢው በአሳታሚ ማስታወቂያ ወይም በደራሲው ዝና ብቻ እንዳይመራ ያደርጋል፤ ሠራተኛውም በመደርደሪያው ላይ ያለውን ስለሚያውቅ ልጅ ሲጠይቀው የሚመልሰው አያጣም። የክፍሉ ምርጫ በየዓመቱ መጨረሻ በዐውደ ርእይና በታተመ ዝርዝር ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ይቀርብ ነበር።

ሁለተኛው ልማድ በየሕፃናት ክፍሉ በውሰት የማይወጣ የተመረጡ መጻሕፍት ስብስብ መኖሩ ነው። የዚህ አሠራር ጥበብ ግልጽ የሚሆነው የአንድን የውሰት ክምችት ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ነው። ጥሩ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ በአንድ ልጅ ቤት ነው። መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ማንም ያልፈለገው ነው። ስለዚህ አዲስ የመጣ ልጅ ክምችቱን የሚገምተው ከክምችቱ ደካማ ክፍል ተነሥቶ ይሆናል። ከክፍሉ የማይወጣ ስብስብ ግን ልጁ በመጣበት ሰዓት ሁሉ የክምችቱን ምርጥ ገጽታ ያሳየዋል፤ መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ የማይፈቀድለት ልጅም በዚያው ተቀምጦ ማንበብ ይችላል።

ሦስተኛው ልማድ ተረት መንገርን ከመደርደሪያው ጋር ማያያዝ ነው። ሙር የእንግሊዛዊቷን ተራኪ የሜሪ ሼድሎክን ጥበብ በፕራት ሳሉ አድንቀው፣ በኒው ዮርክም የተረት ሰዓትን የቅርንጫፎች ቋሚ ሥራ አደረጉት። ተረቱ መዝናኛ ብቻ አልነበረም። ልጁ በጆሮው የወደደውን ታሪክ በመጽሐፍ መልክ ሲያገኘው ለማንበብ ይነሣሣል፤ የተነገረው ተረት የሚገኝበት መጽሐፍ በበቂ ቅጂ ካልተዘጋጀ ግን ፍላጎቱ ተቀስቅሶ ይከስማል። በዚህ መንገድ የተረት ሰዓቱ መርሐ ግብር የግዢውን ዕቅድ ይመራ ነበር ማለት ይቻላል።

አራተኛው ልማድ የሰፈሩን ቋንቋ መስማት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኒው ዮርክ ድሃ ሰፈሮች ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ በመጡ ስደተኞች የተሞሉ ነበሩ። የሕፃናት ክፍሎቹ በእነዚህ ሕዝቦች ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍትን ይይዙ፣ የትውልድ አገራቸውን ተረቶችና በዓላትም ያስተናግዱ ነበር። ሙር የስደተኛው ልጅ አሜሪካዊ ሲሆን የአያቶቹን ተረት መተው እንደሌለበት ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ከጊዜ በኋላ እሳቸው ካሰቡት በላይ ርቆ የሚሄድ ፍሬ አፍርቷል።

የጥገናው ነገር ከእነዚህ ልማዶች ተነጥሎ አይታይም። በልጆች ክምችት ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው በጣም የሚወደደው ነው፤ ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ገጹ ይሳሳል፣ ጥረዛው ይፈታል። ለምትክ ግዢ ገንዘብ ያልመደበ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ የሚያጣው ምርጡን መጽሐፉን ነው፤ የማይነበበው ግን እንደ አዲስ ተጠብቆ ይቆያል። ስለዚህ ክምችት በቸልተኝነት ከተተወ ሳይታወቅ ወደ ታች ይመረጣል። ሙር ለመጽሐፍ አካላዊ ውበት፣ ለሥዕሉና ለኅትመቱ ጥራት የሰጡት ክብደት ከዚህ አንጻር ሲታይ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ለድሃ ልጅ የሚሰጠው ቅጂ ለሀብታም ልጅ ከሚገዛው እንዳያንስ ማድረግ ነበር። ውጤቱም በቁጥር ታየ፦ በ1913 ከኒው ዮርክ ቅርንጫፎች በውሰት ከወጡት መጻሕፍት ሢሶው ያህሉ የሕፃናት መጻሕፍት ነበሩ።

ከመደርደሪያው ወደ ማተሚያ ቤቱ

ቤተ መጻሕፍት ሊገዛ የሚችለው የታተመውን ብቻ ነው። ሙር ይህን ገደብ ቀድመው ከተረዱት መካከል ነበሩ። የኒው ዮርክን ያህል ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ገዢ ዓይኑን የጣለበት መጽሐፍ ለአሳታሚው አስተማማኝ ሽያጭ ነው፤ አገሪቱ በሙሉ የሚገኙ ትናንሽ ቤተ መጻሕፍትም የኒው ዮርክን ዝርዝር ይከተሉ ነበር። አሳታሚዎችና ደራስያን የሙርን ምክር ፍለጋ ወደ ቢሯቸው መመላለስ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1918 ጀምሮ ሙር በ«ቡክማን» መጽሔት ላይ ስለ ሕፃናት መጻሕፍት መደበኛ ሒስ መጻፍ ጀመሩ። ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ለዘርፉ ወሳኝ ነበሩ። በ1919 ማክሚላን የተባለው አሳታሚ ለሕፃናት መጻሕፍት ብቻ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ሉዊዝ ሲማንን ኃላፊ አደረገ፤ በዚያው ዓመት የሕፃናት መጻሕፍት ሳምንት መከበር ጀመረ፤ በ1922 የመጀመሪያው የኒውበሪ ሜዳልያ ተሰጠ፤ በ1924 «ሆርን ቡክ» መጽሔት በቦስተን ተመሠረተ። ከ1924 እስከ 1930 ደግሞ ሙር «ሦስቱ ጉጉቶች» የሚል ትርጉም ያለውን ዐምዳቸውን በ«ኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን» ጋዜጣ ላይ ያወጡ ነበር። በ1921 ወደ አውሮፓ ተጉዘው በጦርነቱ በፈረሱት የፈረንሳይ አካባቢዎች የተጀመረውን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ተመለከቱ፤ በእንግሊዝ አገርም ደራሲዋን ቢያትሪክስ ፖተርን ጎበኙ።

እዚህ ላይ ተመራማሪ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ሙር በአንድ ጊዜ የትልቅ ቤተ መጻሕፍት ገዢ፣ የጋዜጣ ሐያሲ፣ የአሳታሚዎች አማካሪና የሙያው አንጋፋ መምህር ሆኑ። በዚያ ላይ ደራሲም ነበሩ፤ «ኒኮላስ» የተባለው በ1924 የታተመው የልጆች መጽሐፋቸው በ1925 ለኒውበሪ ሜዳልያ ከተወዳደሩት መካከል ተከታይ ደረጃ አገኘ። ሜዳልያውን የሚወስኑት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እንደሆኑ ልብ ይሏል። በዚህ ውስጥ ብልሹ አሠራር ነበረ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አልቀረበም፤ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። መራጭ፣ ሐያሲና መምህር አንድ ሰው ሲሆኑ መራጩ ሲሳሳት የሚያርመው ሌላ ድምፅ ከየት ይመጣል?

የደጁ ጥበት

ሙር ለሕፃናት ጽሑፍ የነበራቸው ራእይ ከምናብ ጋር የተቈራኘ ነበር፦ ጥንታዊ ተረት፣ ግጥም፣ ቅኔያዊ ውበት ያለው ቋንቋ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ሥዕል። በርካሽ በተከታታይ የሚታተሙ ልብ ወለዶችን እንደ ዘመኑ ባልደረቦቻቸው ሁሉ አይቀበሉም ነበር። በ1921 መምህርቷ ሉሲ ስፕራግ ሚቸል ትናንሽ ልጆች ከሩቅ ዘመን ተረት ይልቅ በዙሪያቸው ስላለው ነገር፣ ስለ ጎዳናው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ቤታቸው ዕቃ መስማት ይወዳሉ የሚል አስተሳሰብ ያዘለ የታሪኮች መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለቱ አስተሳሰቦች ተፋጠጡ። የሙር ወገን በቤተ መጻሕፍት፣ የሚቸል ወገን በሙከራ ትምህርት ቤት ቆመው ለብዙ ዓመታት ተነቃቀፉ።

ሙር በ1941፣ በ70 ዓመታቸው፣ በዕድሜ ገደብ ምክንያት ጡረታ ወጡ፤ ቦታቸውን ፍራንሲስ ክላርክ ሴየርስ ያዙ። የተሾመው ሰው ተለወጠ እንጂ ዳኝነቱ ወዲያው አልተለወጠም። ሙር በስብሰባዎች መገኘታቸውንና አስተያየት መስጠታቸውን ቀጠሉ። ለዚህ ዘመን ሁለት አጋጣሚዎች በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። ደራሲው ኢ. ቢ. ዋይት ለልጆች እንዲጽፉ ቀድሞ ያበረታቷቸው ሙር ራሳቸው ነበሩ። «ስቱዋርት ሊትል» በ1945 ለኅትመት ሲዘጋጅ ግን ሙር ረቂቁን አንብበው አዘኑ፤ መጽሐፉ እንዳይታተም የሚመክር ረጅም ደብዳቤም ለደራሲው ባለቤት ለካትሪን ዋይት ጻፉ። መጽሐፉ ታተመ፤ ልጆችም ወደዱት። ሁለተኛው የማርጋሬት ዋይዝ ብራውን «ጉድናይት ሙን» ነው። ብራውን ከሚቸል ወገን የወጡ ደራሲ ሲሆኑ በ1947 የታተመው መጽሐፋቸው ውስጥ አንድ ትንሽ ጥንቸል ከመተኛቱ በፊት በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ይሰናበታል። የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህን መጽሐፍ እስከ 1972 ድረስ በክምችቱ ውስጥ አላስገባም።

በ1947 ሙር ሹመት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ያለመግዛት ውሳኔው በእሳቸው ፊርማ የተሰጠ አይደለም። ይህ ግን ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ጣዕም በሥልጠና፣ በዝርዝርና በስብሰባ አማካይነት ከሰው ወደ ተቋም ከተሻገረ በኋላ ባለጣዕሙ ቢሄድም ይኖራል። ሩብ ምዕተ ዓመት የቆየው ክፍት ቦታ የተፈጠረው ማንም ሰው በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለወሰነ ሳይሆን፣ የቆየውን ውሳኔ መልሶ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ አሠራር ስላልነበረ ይመስላል።

በ135ኛው መንገድ

የሙርን ሥርዓት ጉድለት ብቻ ማየት ግን ግማሹን ማየት ነው። በሃርለም ሰፈር በ135ኛው መንገድ የሚገኘው ቅርንጫፍ ሌላውን ግማሽ ያሳያል። በ1921 ከፖርቶ ሪኮ የመጡት ፑራ ቤልፕሬ በዚህ ቅርንጫፍ ሥራ ጀመሩ። ቤልፕሬ መደርደሪያውን ሲቃኙ የብዙ አገር ተረቶች ቢያገኙም አያታቸው የነገሯቸውን የፖርቶ ሪኮ ተረቶች አላገኙም። በሥልጠናቸው የተማሩትን የተረት ሰዓት ተጠቅመው እነዚያን ተረቶች በቃል መንገር ጀመሩ፤ ቀጥሎም ጻፏቸው። በ1932 የታተመው «ፔሬስና ማርቲና» የተባለው መጽሐፋቸው የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ለሌሎች ስደተኞች ልጆች የተከፈተው በር ለስፓኒሽ ተናጋሪዎችም የተከፈተው በዚህ መንገድ ነበር።

በ1937፣ ሙር ገና በኃላፊነት ላይ ሳሉ፣ ኦገስታ ቤከር በዚያው ቅርንጫፍ የሕፃናት ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። ጥቁር አሜሪካዊት የሆኑት ቤከር የሚያገለግሏቸው ጥቁር ልጆች በመጻሕፍቱ ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙት በማላገጫነት ወይም በአገልጋይነት መሆኑን፣ ብዙ ጊዜም ፈጽሞ እንደማያገኙት አስተዋሉ። በ1939 የጥቁሮችን ሕይወት በእውነትና በክብር የሚያሳዩ የልጆች መጻሕፍትን መሰብሰብ ጀመሩ። ስብስቡ በደራሲው በጄምስ ዌልደን ጆንሰን ስም ተሰየመ። ቤከር በንግግሩ ዘዬ፣ በሥዕሉና በገጸ ባሕርያቱ ክብር ላይ ያተኰሩ የመምረጫ መለኪያዎችን አውጥተው መጻሕፍቱን ፈተሹ፤ ዝርዝራቸውም በ1946 ታተመ። አሳታሚዎችም ዝርዝሩን አይተው የጐደለውን እንዲሞሉ ወተወቱ።

የቤከር ዘዴ ከሙር ዘዴ የተገኘ እንደሆነ ማስተዋል ይገባል፦ መጽሐፉን ማንበብ፣ መለኪያ ማውጣት፣ ዝርዝር ማሳተም፣ አሳታሚን ማሳመን። የተለወጠው መነሻው ነው። ሙር ጥሩ መጽሐፍ የትኛው ነው ብለው ይጀምራሉ፤ ቤከር ደግሞ በዚህ መደርደሪያ ላይ የሌለው ልጅ ማን ነው ብለው ይጀምራሉ። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን አይሽረውም። የጥራት መለኪያ የሌለው ክምችት የሞላ ይመስላል እንጂ አይመግብም፤ ባዶ ቦታውን የማይጠይቅ ክምችት ደግሞ ምርጥ ሆኖ ሳለ ለተወሰኑ ልጆች ብቻ ምርጥ ይሆናል።

ሙር ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 በኒው ዮርክ አረፉ። በዚያው ዓመት ቤከር የቤተ መጻሕፍቱ ቅርንጫፎች በሙሉ የሕፃናት አገልግሎት አስተባባሪ ሆነው ተሾሙ። በ1962 የኤዝራ ጃክ ኪትስ «ዘ ስኖዊ ደይ» ታተመ፤ ባለታሪኩ በበረዶ የሚጫወት አንድ ጥቁር ልጅ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በ2020 የተመሠረተበትን 125ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በታሪኩ በብዛት የተዋሱትን መጻሕፍት ሲዘረዝር ይህ መጽሐፍ በ485,583 ውሰት አንደኛ ሆነ። «ጉድናይት ሙን» ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አልገባም፤ ቤተ መጻሕፍቱም ለዚህ የሰጠው ምክንያት እስከ 1972 ድረስ በክምችቱ ውስጥ አለመኖሩን ነው። ባዶ ቦታ በመዝገብ ላይ ምልክት የተወበት አንድ ያልተለመደ አጋጣሚ ይህ ነው።

ማጠቃለያ

የአን ካሮል ሙር ሕይወት ለክምችት ግንባታ ጥናት ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው ለልጅ መጽሐፍ መምረጥ ዕውቀትና ጊዜ የሚጠይቅ ሙያ መሆኑ ነው። ያነበበ መራጭ፣ በቂ ቅጂ፣ የምትክ በጀት፣ ከመደርደሪያው ጋር የተያያዘ የተረት ሰዓት የሌለው የሕፃናት ክፍል፣ መጻሕፍቱ ቢበዙም የመጻሕፍት ማከማቻ ከመሆን አያልፍም። ሁለተኛው የምርጫ ዳኝነት ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ትውልድ ጣዕም ብቻ መተው እንደሌለበት ነው። መለኪያው በጽሑፍ ሊሰፍር፣ በየጊዜው ሊከለስ፣ ተቀባይነት ያጡ መጻሕፍትም ዝርዝራቸው ተይዞ ከዓመታት በኋላ በሌሎች ዓይኖች እንደገና ሊታዩ ይገባል።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ስደተኛ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ የብዙ ሕዝቦች ቋንቋ ባለበት መደርደሪያ ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩን አስተዋሉ። እንደ ቤልፕሬ ሁሉ ጉድለቱን በራሳቸው ብዕር መሙላት ጀመሩ፤ በ2003ም በአዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በአገራችን የሚገኙ የሕፃናት ክምችቶችን ለሚያጠና ተመራማሪ ከዚህ የሚነሣው የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ሁለት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው፦ በመደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ዝርዝር፣ ከጎኑም በቋንቋቸው፣ በሚኖሩበት አካባቢና በሕይወታቸው ከእነዚህ መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ የማይገኙት ልጆች ዝርዝር። የሙር ሥርዓት የመጀመሪያውን ዝርዝር ማዘጋጀት አስተምሯል፤ ሁለተኛውን የጀመሩት ቤልፕሬና ቤከር ናቸው።